ታኮ የመሰለው መኪና፦ ፌራሪ ኤፍ80 ከሐረጎ ቁልቁለት ሲታይ

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲወረድ፣ ሐረጎ ላይ ጭነት የያዘ መኪና ቀጥ ካለ መጀመሪያ ዘሎ የሚወርደው ረዳቱ ነው። እጁ ላይ ታኮ ይዟል። ታኮውን ከጎማው ሥር ወሽቆ፣ በተረከዙ ደጋግሞ መትቶ ካጠበቀው በኋላ ነው ሾፌሩ እግሩን ከፍሬኑ የሚያነሣው። ታኮ አንድ ጫፉ ስል፣ ሌላው ጫፉ ወፍራም ሆኖ የተጠረበ እንጨት ነው። ልጅ ሳለሁ አንዱን ረዳት ለምን እንዲህ ሆኖ እንደሚጠረብ ጠይቄው ነበር። «ስሉ ይገባል፣ ወፍራሙ ይይዛል» አለኝና ወደ ሥራው ሄደ። ስለ ንድፍ ከዚያ ያጠረ ትምህርት እስከ ዛሬ አልሰማሁም።

ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ ያረጀ መጽሔት ላይ የላምቦርጊኒ ካውንታሽን ፎቶግራፍ ሳይ ቶሎ የመጣብኝ ያ ታኮ ነው። ማርቼሎ ጋንዲኒ፣ በርቶኔ በሚባለው የቱሪን የንድፍ ቤት ሲሠራ የሣለውና እ.ኤ.አ. በ1971 ጄኔቭ ላይ ለሕዝብ የታየው ይህ መኪና አፍንጫው መሬት ሊነካ ምንም አልቀረው፤ ከዚያ ተነሥቶ በአንድ መስመር ጣሪያው ድረስ ይወጣል፤ ኋላው ደንደን ያለ ነው። የዘርፉ ሰዎች ቅርጹን ሽብልቅ ይሉታል። ለደሴ ልጅ ታኮ ነው፤ የሚገርመው ታኮ ሆኖ መሮጡ ብቻ ነው። (ከዚህ በታች ስለ መኪኖቹ የምጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ የአውሮፓውያን ናቸው።)

የዛሬው ዳሰሳዬ ግን በአዲስ ሥራ ላይ ነው። ፌራሪ በጥቅምት 2024 ኤፍ80 የተባለውን መኪና አወጣ። የሚሠራው 799 ብቻ ነው፤ ዋጋው ወደ 3.6 ሚሊዮን ዩሮ ይጠጋል። የንድፉ ኃላፊ ከ2010 ጀምሮ የፌራሪን የንድፍ ክፍል የሚመራው ፍላቪዮ ማንዞኒ ነው። ፌራሪ እንዲህ ያለውን መኪና ከስንት ዓመት አንዴ ነው የሚያወጣው፤ ከዚህ በፊት በ1984 ጂቲኦ፣ በ1987 ኤፍ40፣ በ1995 ኤፍ50፣ በ2002 ኤንዞ፣ በ2013 ላፌራሪ ወጥተዋል። እያንዳንዳቸው ቀጣዩ የጣልያን ፈጣን መኪና ምን ሊመስል እንደሚችል ቀድመው የሚናገሩ ናቸው። ስለዚህ ኤፍ80ን መመርመር ወደፊቱን መመርመር ነው። መኪናውን በዓይኔ አላየሁትም፤ በፎቶግራፍና በፊልም ነው የማውቀው። ወሎ ተቀምጦ ስለ ፌራሪ የሚጽፍ ሰው ይህን ካልተናገረ ቀሪውም አይታመንለትም።

ታዲያ በምን ሚዛን ልመዝነው? እኔ ያለኝ ሚዛን አንድ ነው፤ ኤንትሬ።

ኤንትሬ የሚለውን ስም ለማያውቅ ወጣት አንባቢ፦ ፊያት 682 ኤን 3 ማለት ነው፤ «ትሬ» በጣልያንኛ ሦስት ነው። 682 በ1952 የወጣ ከባድ የጭነት መኪና ሲሆን፣ ኤን 3 የተባለው ዓይነቱ በ60ዎቹ መጥቶ የአሰብን ዕቃ በሚሌና በባቲ አድርጎ ወደ ኮምቦልቻ፣ ከዚያም በደብረ ሲናና በጣርማ በር ወደ አዲስ አበባ ሲያመላልስ የኖረ ነው። ከፊቱ ትልቅ የአየር ማስገቢያ አለው፤ በላዩ ላይ ወደ ሁለት ጎን የተዘረጋ የብረት ጌጥ ስላለበት ጣልያኖች ራሳቸው ጢም ይሉታል። ሞተሩ ከጋቢናው ሥር፣ በሾፌሩና በረዳቱ መካከል ነበር፤ ባቲ ላይ በሙቀቱ ይፈጃል፣ ጣርማ በር ላይ በብርዱ ይመሰገናል። መሪው በቀኝ በኩል ነበር። ጣልያኖች የከባድ መኪናን መሪ በቀኝ ማድረግ ለረጅም ጊዜ ልማዳቸው ነበር፤ መንገዱን በቀኝ ይዞ በሚነዳበት አገር ሾፌሩ የተራራውን መንገድ ጠርዝና ገደሉን በዓይኑ እያየ እንዲሄድ ነው። ሐረጎን ወይም ጣርማ በርን የሚያውቅ ሰው ይህን ጥበብ ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም።

የኤንትሬ መልክ እንግዲህ የመጣው ከጭነቱ፣ ከሙቀቱና ከገደሉ ነው። አንድም ቦታ ላይ ለማስመሰል የተሠራ ነገር የለውም፤ ጢሙ ብቻ ትርፍ ነው፤ ለጢም ደግሞ ማን ይቆጣል። የምለው ይኸው ነው፦ የጣልያን ንድፍ የሚያምረው ጭነቱን ሳይደብቅ ሲቀር ነው። ኤፍ80ንም በዚሁ ነው የማየው።

መጀመሪያ አንድ የሚያስቅ ግጥምጥሞሽ። ኤንትሬም ኤፍ80ም ስድስት ሲሊንደር ናቸው። የኤንትሬው ስድስቱም በአንድ ረድፍ ቆመው፣ ከ10 ሊትር በላይ ናፍጣ ሞተር ሆነው፣ ከ200 ፈረስ ጉልበት በታች ይሰጣሉ። የኤፍ80ው ስድስቱ በሁለት ረድፍ ተከፍለው፣ 3 ሊትር ብቻ ሆነው፣ 900 ፈረስ ጉልበት ይሰጣሉ፤ ሦስት የኤሌክትሪክ ሞተሮች ሲታከሉበት 1,200 ይሞላል። ይህ ሞተር በ2023 እና በ2024 ለማን ላይ በ24 ሰዓቱ ውድድር ካሸነፈው የፌራሪ የእሽቅድምድም መኪና የተወረሰ ነው። ብዙ ደጋፊዎች ኤፍ80 አሥራ ሁለት ሲሊንደር ባለመሆኑ አኩርፈዋል። እኔ አላኮረፍኩም። በስድስት ሲሊንደር አገር ሲቀና አይቻለሁ።

አሁን ወደ ጭነቱ። ኤፍ80 በሰዓት 250 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ የሚያልፍበት አየር በ1,050 ኪሎ ግራም ክብደት ወደ መሬት ይጫነዋል። በእኛ ስሌት ከአሥር ኩንታል በላይ ማለት ነው። ሰው ያልጫነው፣ ገመድ ያላሰረው፣ ሸራ ያለበሰው አሥር ኩንታል! ይህን ቁጥር ሳነብ ነው መኪናው የገባኝ። የኤፍ80 ጭነት ነፋስ ነው። አፍንጫው ላይ ያለው ክፍተት አየሩን ከሥር ተቀብሎ በኮፈኑ ላይ አሾልኮ ያወጣዋል፤ ኋላ ያለው ክንፍ እንደ ፍጥነቱ ከፍ ዝቅ ይላል፣ አንገቱን ያዘነብላል፤ ከሥሩ ያለው ወለል ደግሞ አየሩን ጠብቦ እየሳበ መኪናውን መሬት ላይ ይለጥፈዋል። ጎኑ ላይ፣ ከበሩ ኋላ፣ ሦስት ማዕዘን መስሎ ወደ ውስጥ የጎደጎደው መግቢያ ለሞተሩ አየር ይመግባል። በኤፍ40 ላይም የምናውቀው ቅርጽ ነው፤ ትዝታ ቢሆንም ሥራ የያዘ ትዝታ ነው።

ከሁሉ የምወደው ጀርባው ነው። በሞተሩ ክዳን ላይ የተሰነጠቁት መተንፈሻዎች ስድስት ናቸው፤ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር አንድ። ሙቀቱ የሚወጣበት ቀዳዳ ሞተሩን ቆጥሮ ይነግርሃል። ይህ የኤንትሬ ዓይነት ሐቀኝነት ነው። የኋላ መብራቱ ቀጭን ሆኖ በጠርዙ ላይ ተቀምጧል፤ ከሥሩ ያለው ሁሉ ለአየሩ ተለቋል። የተሸፋፈነ ነገር የለም፣ ያጌጠም የለም።

ፊቱ ላይ ስንመጣ ግን ጠባችን ይጀምራል። ማንዞኒ የፊት መብራቶቹን ከዳር እስከ ዳር በሚሄድ ጥቁር መጋረጃ ሸፍኗቸዋል። በ2024 ፌራሪ ባወጣው በ12 ቺሊንድሪም ላይ ተመሳሳይ ነገር አድርጓል። ሐሳቡ የመጣው በ1968 ከወጣው ዴይቶና ከተባለው ፌራሪ ነው፤ እሱም መጀመሪያ ሲሠራ መብራቶቹ በአንድ ወጥ ብርጭቆ መሰል ሽፋን ሥር ነበሩ። ያኔ መብራት ትልቅና ክብ ስለነበር መሸፈኑ ለአየሩ ትርጉም ነበረው። ዛሬ መብራት የጣት ያህል ቀጥኗል፤ መሸፈን የሚገባው ነገር የለም። ፌራሪ መጋረጃው አየሩንም መብራቱንም ያገለግላል ይላል፤ እኔ የማየው ግን ዓይኑን በጥቁር መነጽር የሸፈነ ሰው ነው። ምሽት ላይ ከሐረጎ ሥር ሆነህ ወደ ላይ ስታይ የሚወርደውን መኪና በዓይኑ ትለየው ነበር፦ ኤንትሬ፣ ኦኤም፣ ላንድሮቨር። የዛሬዎቹ ፈጣን መኪኖች ፊት በጨለማ አንድ ዓይነት ሰረዝ ነው። የፊት መልክ ከጠፋ ደግሞ ሰው መኪናን በምን ይወድዳል?

ወደ ውስጥ ሲገባ ፈገግ የሚያሰኝ ነገር አለ። ሁለት መቀመጫ አለ፣ ግን እኩል አይደሉም። የሾፌሩ ቀይ ነው፤ የጓደኛው ጥቁር ሆኖ ወደ ኋላ ገፋ ብሏል፣ ከግድግዳው ጋር ተመሳስሎ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም። ጋቢናው ጠቦ ከላይ የውኃ ጠብታ እንዲመስል፣ ለነፋሱም እንዲመች ተብሎ ነው። እኔ የታየኝ ረዳቱ ነው። በኤንትሬ ረዳት ማለት የሾፌሩ ግማሽ አካል ነበር፤ ታኮ የሚያስገባ፣ ወደ ኋላ ሲሄድ የሚያይ፣ ሌሊት እያወራ ሾፌሩን ከእንቅልፍ የሚጠብቅ። በኤፍ80 ረዳቱ ሥራ አጥቷል፤ ስለዚህም ቀለሙን አጥቷል። ንድፉ ሥራ የሌለውን ሰው ምን ያህል እንደሚያደበዝዘው ያሳያል። ይህን ነቀፌታ አታድርጉብኝ፤ በዚህም ቢሆን ሐቀኛ ነው።

አንድ መልካም ነገር ደግሞ መሪው ላይ ነው። ለዓመታት የፌራሪ መሪ እንደ ስልክ በመነካካት የሚሠራ ሆኖ ነበር። በኤፍ80 የሚጫኑ ቁልፎች ተመልሰዋል። ዓይን ከመንገድ ሳይነሣ ጣት የሚያውቀው ነገር ማለት ነው። ይህ የሚቀጥል ይመስለኛል፤ ይቀጥል።

ጋንዲኒን ልመልሰው። የካውንታሽ የ1971 ናሙና ንጹሕ ታኮ ነበር፤ ቀዳዳ አልበዛበትም። ሲነዳ ግን ሞተሩ ጋለ። ስለዚህ በ1974 ለሽያጭ ሲወጣ በጎኑ ላይ የጎደጎደ መግቢያ፣ በትከሻው ላይ እንደ ሳጥን የቆመ የአየር ማስገቢያ ተጨመረለት። ንድፍ አዋቂውን የመጀመሪያውን ንጽሕና ሙቀት ነጠቀው፤ ዓለም ግን ለሃምሳ ዓመት ግድግዳው ላይ የለጠፈው ያንን ባለሳጥን ካውንታሽ ነው። በ1984 የወጣው የፌራሪ ቴስታሮሳም እንዲሁ ነው። በጎኑ ላይ እንደ መጋዝ ጥርስ የተደረደሩት ሽንሽኖች የመጡት ራዲያተሩ ከፊት ወደ ጎን በመዞሩ ነው፤ ያን ያህል ትልቅ አፍ ባዶውን ሊተው ስለማይችል ተሸነሸነ። ውበት ብለን የምንጠራው ነገር ብዙ ጊዜ የሙቀት ጠባሳ ነው።

ላምቦርጊኒ በ2021 ካውንታሽ የሚለውን ስም አንሥቶ 112 አዳዲስ መኪኖች ሲሠራ ጋንዲኒ በአደባባይ እጄ የለበትም፣ ሐሳቡም የእኔ አይደለም ሲል ራሱን አገለለ። ትክክል ነበር። ሳጥኖቹን ወስደው ሙቀቱን ትተውት ነበርና። ጋንዲኒ በመጋቢት 2024 ሲሞት ከተነሡለት ሥራዎች መካከል ለብዙዎቻችን እንግዳ የሆነ አንድ ነበር፦ በ1990 የወጣው የሬኖ ማግነም የተባለው ከባድ የጭነት መኪና ጋቢና። ታኮ የሣለው እጅ ታኮ የሚገባለትንም መኪና ሥሎ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ጣልያንና ስለ እኛ አንድ ነገር ሳልል ባልፍ አንባቢ ይታዘበኛል። በዚህ መንገድ ላይ የጣልያንን መኪና ማድነቅ ቀላል ነገር አይደለም። ደሴ በኅዳር 1928 ዓ.ም. በጣልያን አውሮፕላን ተደብድባለች፤ በሚያዝያ ተይዛለች። ከአስመራ በደሴ አድርጎ አዲስ አበባ የሚገባው መንገድ የተሠራው ለሠራዊት ነው፤ ትሬንታ ኳትሮ እያልን የምንጠራው ፊያት 634 የመጣውም ወታደር ጭኖ ነው። መንገዱን ያስቀረነው እኛ ነን፤ ቃላቱንም እንዲሁ። ጋራዥ ውስጥ ቁሙና አዳምጡ፦ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ቸርኬ፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ኮፈን። ታኮ እንኳ ቃሉ የጣልያን ነው፤ የጫማ ተረከዝ ማለት ነው። ረዳቱ በተረከዙ ሲመታው በጣልያንኛ ተረከዝን በተረከዝ እየመታ እንደሆነ አያውቅም።

(ባጃጅንም አትርሱ። በ1948 ፒያጆ በቬስፓ ላይ ተመሥርቶ «አፔ» የተባለ ባለሦስት ጎማ አወጣ፤ የህንዱ ባጃጅ ደግሞ ከፒያጆ ፈቃድ ወስዶ መሥራት ጀመረ። ከደሴ ፒያሳ እስከ ሸዋ በር፣ ከዚያም ኮምቦልቻ ውስጥ ቀኑን ሙሉ የሚሽከረከረው ሰማያዊ ነገር የጣልያን የልጅ ልጅ ነው። የጣልያን ንድፍ ወሎ ውስጥ ምን ያህል እንደ ተሳካለት መለካት የፈለገ ፌራሪን ሳይሆን ባጃጅን ይቁጠር።)

እነዚያን የጋራዥ ቃላት የዘረዘርኩት ለጨዋታ ብቻ አይደለም። ነገ የጣልያን ፈጣን መኪና ምን ይመስላል ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሰጡኝ እነሱ ናቸው። መኪና በባትሪ ሲሄድ ከነዚህ ቃላት የትኛው ይሞታል? ካንዴላ ይሞታል፤ የሚለኮስ ነገር የለም። ፍሪሲዮን ይሞታል። ካምቢዮ ከነጥርሱ ወደ አንድ ትንሽ ነገር ይኮማተራል። ማርሚታ ይሞታል፤ ከሞተ ደግሞ የኋላው መልክ ይለወጣል፤ ፌራሪ ጀርባውን ሲያሳይ የምናየው እኮ ግማሹ የጭስ ማውጫ ነው። ኮፈን ስሙ ይቀራል፣ የሚከድነው ግን ሻንጣ ይሆናል። የራዲያተሩ አፍ ይጠብባል። ፍሬን ይኖራል፤ ነገር ግን ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ራሱ መኪናውን እየያዘ ባትሪውን ስለሚሞላ ያን ያህል አይግልም፤ ፍሬኑን ለማቀዝቀዝ የተበሳው ቀዳዳም ያንሳል። ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከፍታው ከ600 ሜትር በላይ ይወርዳል። ኤንትሬ ይህን ሁሉ በከባድ ማርሽ እያጓራ፣ ፍሬኑን እየቆጠበ ነበር የሚወርደው፤ ያ ሁሉ ጉልበት ሙቀት ሆኖ ሐረጎ ላይ ይበተን ነበር። የኤሌክትሪኩ መኪና ከዚያ ላይ ብዙውን መልሶ ወደ ኪሱ ያስገባዋል።

ስለዚህ የነገው ታኮ ቀዳዳ አልባ ሊሆን ነው። የጋንዲኒ የ1971 ንጹሕ መስመር ተመልሶ ሊመጣ ይችላል፤ የነጠቀው ሙቀት ነበርና፣ ሙቀቱ ሲሄድ መስመሩ ይለቀቃል። ይህ መልካሙ ዜና ነው።

ክፉው ዜና ክብደት ነው። ፌራሪ በጥቅምት 2025 የመጀመሪያውን የኤሌክትሪክ መኪናውን የውስጥ አካል ሲያሳይ አራት ሞተር፣ ከ1,000 ፈረስ ጉልበት በላይ፣ 122 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ እንዳለው ተናገረ፤ ክብደቱ ወደ 2,300 ኪሎ ግራም። ባትሪው ወለሉ ሥር ይነጠፋል። ወለል ሲወፍር ሰው ወደ ላይ ይወጣል፤ ሰው ወደ ላይ ሲወጣ ጣሪያው ይከተለዋል። ኤፍ80 ቁመቱ 1 ሜትር ከ14 ሳንቲ ሜትር አይሞላም፤ ወለሉ ሥር ባትሪ ነጥፎ ይህን ከፍታ መጠበቅ ከባድ ነው። የጣልያኑ ንድፍ ቤት ፒኒንፋሪና በ2019 ባቲስታ በተባለው የኤሌክትሪክ መኪና ላይ ይህን ችግር ባትሪውን በ«ቲ» ቅርጽ ከመቀመጫዎቹ መካከልና ኋላ በመሸጎጥ ሸሸው። ውጤቱ ያማረ ነው፤ ግን ከመካከሉ የነዳጅ ሞተር ያለው መኪና ይመስላል። የሌለውን ሞተር ይለቅሳል። ላምቦርጊኒ በተቃራኒው በ2023 ላንዛዶር ብሎ ያሳየው የኤሌክትሪክ ናሙና ከፍ ብሎ የቆመ፣ ግማሽ ሽብልቅ ግማሽ የቤተሰብ መኪና ነው፤ ኩባንያው ግን ልቡ አልቆረጠም መሰለኝ የሚወጣበትን ጊዜ አራዝሞት ነበር።

የእኔ ግምት እንዲህ ነው። መጀመሪያ የትዝታ ዘመን ይመጣል፤ የድሮ ስም፣ የድሮ ሽንሽን፣ ሥራ የሌለው የአየር ማስገቢያ። ጥቁሩ መጋረጃ ይቆያል። ጋቢናው ወደ ፊት ይገፋል፤ ከፊቱ የሚቀመጥ ሞተር ስለሌለ የሚከለክለው የለም፤ ረጅሙ ኮፈን ይረሳል። ከዚያ በኋላ አንድ ደፋር ይመጣና ባትሪውን መደበቅ ትቶ ያሳየዋል፦ ወለሉ ወፍራም ነው፣ ይሁን፤ ወፍራም ይምሰል። ታኮ ወፍራሙን ጫፍ አይደብቅም። ፌራሪ ለኤሌክትሪክ መኪናው ንድፍ አውጪዎቹን ጆኒ አይቭንና ማርክ ኒውሰንን ከውጭ መጥራቱ የሚያሠጋኝ በዚህ ነው። አይቭ የአፕልን ስልክ እስኪቀጥን ያቀጠነ ሰው ነው፤ ችሎታው መደበቅ ነው። ለኪስ ዕቃ ይህ ጸጋ ነው፤ ከሁለት ቶን በላይ ለሚመዝን ነገር ግን እጠራጠራለሁ።

ድምፁስ? የሰፈራችን ልጆች መኪናው ገና ሳይታይ በድምፁ ብቻ በስንተኛ ማርሽ እንደሆነ እንወራረድ ነበር። የኤሌክትሪክ መኪና ዝም ይላል። ፌራሪ ለዚህ ያገኘው መላ ከሌሎቹ የተሻለ ነው፤ የተቀዳ የሞተር ድምፅ ከማጫወት ይልቅ የሚሽከረከሩት አካላት የሚፈጥሩትን እውነተኛ ንዝረት ይዞ፣ እንደ ኤሌክትሪክ ጊታር አጉልቶ ማሰማት። ባቲንና አምባሰልን ለቅኝት ስም ያወረሰ አገር ሰው በዚህ ላይ መፍረድ ይችላል። ክራር በማጉያ ሲሰማ ክራርነቱን አያጣም፤ ጅማቱ በእርግጥ ተመትቷልና። ካሴት ከጀርባ ተከፍቶ ክራር የያዘ ሰው ሲወዛወዝ ነው የምናፍረው። በዚህ ነጥብ ፌራሪን አሳልፈዋለሁ።

ኤፍ80 እንግዲህ በትናንቱና በነገው መካከል ያለ ሥራ ነው። ጭነቱን፣ ያንን አሥር ኩንታል ነፋስ፣ በሚያስደንቅ ሐቀኝነት ተሸክሟል፤ ስድስቱ መተንፈሻዎቹ ብቻ እንኳ ለአንድ መኪና ክብር ይበቃሉ። ፊቱን በመሸፈኑ ግን አልምረውም። ጀርባውን ኮርጁ፣ ፊቱን ተዉት እላለሁ፤ ከፌራሪው ማራኔሎም ከላምቦርጊኒው ሳንታጋታም የሚሰማኝ ባይኖር ኮምቦልቻ ውስጥ መኪና መሥራት የሚያልም አንድ የቴክኖሎጂ ተማሪ ቢሰማኝ ይበቃኛል።

የቀረው የጉምሩክ ጉዳይ ነው። ኢትዮጵያ በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከልክላለች። ኤፍ80 ኤሌክትሪክ ቢቀላቀልበትም ቤንዚን ይጠጣል፤ ስለዚህ ሞጆ ላይ ነው የሚቀረው። የሚመጣው የኤሌክትሪክ ፌራሪ ግን በሕጉ መሠረት መግባት ይችላል። ይህን አንብቦ ኤፍ80ን በሆነ መላ ለማስገባት ያሰበ የደሴ ነጋዴ ካለ አይድከም፤ 799ኙም ገና ሳይሠሩ ተሽጠው አልቀዋል።